መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ እንዳይጠፋ፦ ልኬት፣ ባትሪ፣ ገጠማና ፍተሻ

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የቴሌ መስመር ስለተቋረጠ አይደለም፤ ራውተሩ ኃይል ስላጣ ነው። የተለመደ የቤት ራውተር ወይም የፋይበር ሞደም የሚወስደው ኃይል ከ5 እስከ 12 ዋት ነው፤ አንድ ኤልኢዲ አምፖል የሚወስደውን ያህል። ለዚህ ሲባል ጀነሬተር ማስነሳትም ሆነ ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት አያስፈልግም።

ችግሩ ሰው ባትሪውን መጀመሪያ ይገዛና ጥያቄውን በኋላ ይጠይቃል። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ከቤታችሁ ውጭ ያለው መሣሪያ መብራት ከጠፋ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው። የሰፈሩ የቴሌ ሣጥን በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚዘጋ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የአሥራ ሁለት ሰዓት ባትሪ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም፤ ገንዘቡ ለሁለተኛ ሲም ካርድ ቢውል ይሻላል።

መስመራችሁ የቱ ነው?

በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት (ኤዲኤስኤል) ከሆነ፣ ሽቦው የሚያበቃው መንገድ ዳር ወይም ሰፈር ውስጥ በተተከለ ሣጥን ወይም በቅርብ ባለ የቴሌ ጣቢያ ነው። የሰፈሩ ሣጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ አለ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይሠራል። ባትሪው አዲስ ከሆነ ለሰዓታት ይቆያል፤ ካረጀ ግን ቶሎ ይሞታል። ይህ ከሰፈር ሰፈር በጣም ይለያያል።

የቤት ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ የመስታወት ገመድ) ከሆነ ሁኔታው ይሻላል። ከቴሌ ጣቢያው እስከ ቤታችሁ ባለው መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ ብርሃንን ብቻ የሚከፍል መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ኃይል የሚያስፈልገው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው፦ እናንተ ቤትና ጣቢያው። ጣቢያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባትሪና ጀነሬተር አለው። የሰፈሩ መብራት ግማሽ ቀን ቢጠፋም ፋይበሩ ሳይነካ ሊቆይ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ ፋይበር ገብቶ እናንተ አሁንም በስልክ ሽቦ ላይ ካላችሁ፣ ከባትሪ በፊት መስመሩን መቀየር ጠይቁ።

ኮንዶሚኒየም ወይም ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አረጋግጡ። በአንዳንድ ሕንፃ ፋይበሩ የሚያበቃው ምድር ቤት ባለ ስዊች (ኢንተርኔቱን ለየቤቱ የሚያከፋፍል ሣጥን) ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደው ተራ የኔትወርክ ኬብል ነው። ያ ስዊች ባትሪ ከሌለው የእናንተ ባትሪ የትም አያደርሳችሁም። ቤታችሁ የሚገባው ቀጭን የፋይበር ገመድ ነው ወይስ ወፍራም ጫፍ ያለው የኔትወርክ ኬብል? የኔትወርክ ኬብል ከሆነ ስዊቹን ፈልጉና ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ለእሱም ባትሪ አስገቡ።

ሳይገዙ የሚደረግ ፍተሻ

የቤታችሁን ብሬከር ዘግታችሁ ብትሞክሩ የምታውቁት ስለ ቤታችሁ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ሣጥን መብራት አለው። ፍተሻው የሚሠራው በእውነት የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ባትሪ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በውስጡ ባለው ባትሪ ኃይል የሚሰጥ ሣጥን) ለአንድ ቀን ተዋሱ፤ ጀነሬተር ያለው ጎረቤትም ካለ በዲቫይደር መስመር መሳብ ይቻላል። መብራት እንደጠፋ ራውተሩን አስነሱና ጠቋሚ መብራቶቹን ተመልከቱ።

ኤዲኤስኤል ላይ «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ሳይርገበገብ ከበራ የሰፈሩ ሣጥን በሕይወት አለ። ያለማቋረጥ ቢርገበገብ ሞደሙ ሌላኛውን ጫፍ እየፈለገ አላገኘም ማለት ነው። ፋይበር ላይ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሳይርገበገብ ከበራ ብርሃኑ ደርሷል፤ «ሎስ» የሚለው ቀይ ቢርገበገብ ብርሃኑ አልደረሰም።

መብራት የጠፋበትንና መስመሩ የሞተበትን ሰዓት ጻፉ። ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጠፍቶ ዲኤስኤሉ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከሞተ፣ የሰፈራችሁ ሣጥን ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከመዘገባችሁ በኋላ የምትፈልጉት የባትሪ መጠን በራሱ ይታወቃል። በዚያው አጋጣሚ የሞባይል ኔትወርኩ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚደክምም መዝግቡ፤ ወደ ኋላ ይጠቅማል።

እግረ መንገድ፦ ጎረቤት መብራት ካለውና እናንተ ቤት ብቻ ከጠፋ፣ ወደ መብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል (905) ከመደወላችሁ በፊት የካርድ ቆጣሪውን ቀሪ ሂሳብ እዩ።

ራውተሩ ስንት ዋት ይፈልጋል?

አዳፕተሩን ገልብጡና «አውትፑት» የሚለውን መስመር አንብቡ። 12 ቮልት 1 አምፔር ከተባለ ከፍተኛው 12 ዋት ነው። 9 ቮልት 0.6 አምፔር ከሆነ 5.4 ዋት። ይህ ጣሪያው ነው፤ ራውተሩ በመደበኛ ሥራ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከጣሪያው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ነው። የዋት መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ ለክታችሁ ተጠቀሙ፤ ካልቻላችሁ ለስሌት ሁለት ሦስተኛውን ያዙ። 12 ዋት የተጻፈበት 8 ዋት ይሆናል።

ሞደሙና ራውተሩ ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ከሆኑ ሁለቱንም ደምሩ። የፋይበር ሞደሙ የራሱ ዋይፋይ ካለው ግን መብራት ሲጠፋ ሁለተኛውን ራውተር ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ባትሪው የሚቆይበት ሰዓት ወደ እጥፍ ይጠጋል።

አዳፕተሩ ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ይነበባሉ። አንዱ ቮልቱ ነው። 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር 12 ቮልት ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል፤ 12 የሚፈልገው 9 ቢሰጠው አይቃጠልም፣ ግን እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ሌላው የጫፉ ዋልታ ነው፦ ክቡ ውስጥ ያለችው ነጥብ ከመደመር ምልክት ጋር ከተያያዘች መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፤ አብዛኛው ራውተር እንዲህ ነው። የሶኬቱ ስፋትም ይለያያል። 5.5 በ2.1 ሚሊሜትርና 5.5 በ2.5 ሚሊሜትር በዓይን አይለዩም። 2.1 የሆነው መሰኪያ 2.5 መርፌ ባለው ራውተር ውስጥ አይገባም፤ 2.5 የሆነው 2.1 ውስጥ ይገባል ግን ይላላል፣ ገመዱን በነካችሁ ቁጥር ራውተሩ ይጠፋል። «ባትሪው ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይኸው የላላ ጫፍ ነው።

ሚኒ ዩፒኤስ፦ ለአብዛኛው ቤት በቂው

ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው የመጽሐፍ ያህል የምታክል፣ ውስጧ ሊቲየም ባትሪ ያለባት፣ 5፣ 9 እና 12 ቮልት የምታወጣ ሣጥን ናት። በአዲስ አበባ መርካቶና መገናኛ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይሸጧታል። ከትልቁ የኮምፒውተር ዩፒኤስ የምትበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ትልቁ ዩፒኤስ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ይቀይራል፣ አዳፕተራችሁ ደግሞ 220ውን መልሶ ወደ 12 ይቀይራል። ኃይሉ ሁለት ጊዜ ሲቀያየር ይባክናል። ሚኒ ዩፒኤስ ግን ወደ 220 ሳይሄድ 12ቱን ይሰጣል፤ የሚባክነው ያነሰ ነው።

ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ያታልላል። «8800 ሚሊአምፔር ሰዓት» ሲል በ12 ቮልት ሳይሆን በውስጥ ባትሪው 3.7 ቮልት ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ 8800ን ለ1000 አካፍሉና የሚመጣውን 8.8 በ3.7 አባዙ፦ ወደ 32.5 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል) ይመጣል። ከዚህ 15 በመቶ ያህል በመቀየር ይጠፋል፤ የሚቀረው ወደ 27.5 ነው። ለ8 ዋት ራውተር ሲካፈል ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። 10400 የተጻፈበት በዚሁ ስሌት አራት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሻጩ «አሥር ሰዓት ይቆያል» ቢላችሁ የዋት ሰዓቱን ጠይቁት፤ ካልተጻፈ እራሳችሁ አባዙ።

ሱቅ ስትሄዱ ራውተራችሁንና አዳፕተሩን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው አገናኙ፣ ራውተሩ እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አዳፕተሩን ከግድግዳ ንቀሉት። የራውተሩ መብራቶች አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ብለው ከጠፉ አትግዙት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ ከዜሮ ይነሳል፣ የያዛችሁት ስብሰባም ይቋረጣል። መልሳችሁ ሰኩትና አሁንም እንዳይጠፋ እዩ፤ አንዳንዱ ሲነቀል ደህና ሆኖ ሲሰካ ይጠፋል።

ገጠማው አጭር ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቱ።

1. ራውተሩ ጋር የመጣውን አዳፕተር ወደ ሚኒ ዩፒኤሱ መግቢያ ሰኩ። ሚኒ ዩፒኤሱ 12 ቮልት የሚቀበል መሆኑን መግቢያው አጠገብ ከተጻፈው አረጋግጡ። የ9 ቮልት አዳፕተር ካላችሁ ለመግቢያው ሌላ የ12 ቮልት አዳፕተር ያስፈልጋችኋል፤ ሚኒ ዩፒኤሱ ያለ አዳፕተር በራሱ ገመድ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይህ ጣጣ የለም።
2. ራውተሩን ሳታገናኙ ጠቋሚው ሙሉ እስኪል ቻርጅ አድርጉ።
3. መውጫው ላይ የተጻፈው ቮልት ከራውተሩ ጋር አንድ መሆኑን እንደገና አንብቡ። 9 እና 12 ጎን ለጎን ስላሉ ስሕተት ቀላል ነው። የሁለቱ መውጫ ጫፎች ስለሚመሳሰሉ ገመዱ ላይ በማርከር ጽፉበት።
4. ራውተሩን ሰኩ፣ አብሩ።
5. ሣጥኗን ከራውተሩ ላይ አትደራርቡ፤ ከቴሌቪዥን ጀርባም አታስገቧት። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ያረጃል። ዙሪያዋ አየር እንዲያገኝ አንድ ስንዝር ርቀት በቂ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አንደኛው እርምጃ ላይ ነው። 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር 12 ዋት ይሰጣል፤ ራውተሩ 8 ከወሰደ ለባትሪው የሚተርፈው 4 ዋት ነው። ባዶ የሆነ 32 ዋት ሰዓት ባትሪ በዚህ ፍጥነት ለመሙላት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪው ፈጽሞ አይሞላም፤ ባለቤቱ ደግሞ «መጀመሪያ ሦስት ሰዓት ይቆይ ነበር፣ አሁን አርባ ደቂቃ» ብሎ ባትሪው ተበላሸ ይላል። መፍትሔው 12 ቮልት 2 አምፔር የሆነ አዳፕተር መግዛት ነው። አምፔሩ ቢበልጥ ራውተሩን አይጎዳም፤ የሚወስደው የሚፈልገውን ብቻ ነው። መብለጥ የሌለበት ቮልቱ ነው።

ፓወር ባንክስ? ይሠራል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። 20000 የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከ5 ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ ስታገናኙት ከብክነት በኋላ 55 ያህል ይተርፋል፣ ለ8 ዋት ራውተር ወደ ሰባት ሰዓት። ችግሩ ተራው የዩኤስቢ ቀዳዳ 5 ቮልት 2 አምፔር ማለትም 10 ዋት ነው ጣሪያው፤ ለ8 ዋት ራውተር ከ9 ዋት በላይ መሳብ ስለሚኖርበት ጫፍ ላይ ይሆናል፣ ራውተሩ ሲነሳ ሊቆርጥ ይችላል። ለትናንሽ ራውተሮች ይበቃል፤ ለፋይበር ሞደም 12 ቮልት እንደሚያወጣ በግልጽ የተጻፈበት ፓወር ባንክ ፈልጉ። ፈጣን ቻርጅ ያለው ሁሉ 12 ቮልት አያወጣም፤ ብዙው ከ9 ወደ 15 ይዘላል። በተጨማሪም እየሞላ እያለ የሚሰጠው ፓወር ባንክ ጥቂት ነው፤ ሌላው መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለአንድ ሰከንድ ይቆርጣል። ስለዚህ ፓወር ባንክ ለድንገተኛ ጊዜ እንጂ ዘወትር ተሰክቶ ለሚቀመጥ ሥራ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ካለ

አዲስ አትግዙ፤ ያለውን ግን ተጠቀሙበት። 650 ቪኤ (ቪኤ የዩፒኤስ መጠን መለኪያ ነው) የሚባለው በውስጡ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው፣ 84 ዋት ሰዓት። ዩፒኤሱ ለራሱ 10 ዋት ያህል ስለሚበላና ባትሪውም ሙሉ በሙሉ ስለማይራገፍ፣ ለ8 ዋት ራውተር ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢሰጥ ጥሩ ነው። ሁለት ወጥመዶች አሉበት። አንዳንዱ ጭነቱ በጣም ትንሽ ሲሆን «ምንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ራውተር ብቻ ሰክታችሁ በአምስት ደቂቃ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው፣ መመሪያው ይህን ባሕርይ ማጥፋት እንደሚቻል ካሳየ አጥፉት። ሁለተኛው፣ የሰፈራችሁ ቮልቴጅ ማታ ማታ የሚደክም ከሆነ (አምፖሉ ሲፈዝ ታውቁታላችሁ) ዩፒኤሱ መብራት ጠፋ ብሎ ወደ ባትሪ ይሄዳል፤ መብራቱ በእውነት ሲጠፋ ባትሪው አልቋል። የራውተር አዳፕተር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚሠራ ለደካማ መብራት ግድ የለውም። ለዚህም ነው ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ሚኒ ዩፒኤስ የሚመረጠው።

የዚህ ዩፒኤስ ባትሪ የእርሳስ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ከተራገፈ በኋላ ሳይሞላ ቢቀመጥ ይሞታል። ዩፒኤሱን ነቅላችሁ ወደ ገጠር ለሁለት ወር ብትሄዱ ስትመለሱ ባትሪ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል።

ሙሉ ሌሊት ወይም ቀን ለሚጠፋበት ሰፈር

መስመራችሁ ፋይበር ከሆነና ፍተሻው ላይ ለረጅም ሰዓት እንደሚቆይ ካረጋገጣችሁ፣ 12 ቮልት ባትሪ በራሳችሁ መግጠም ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። የሚያስፈልገው፦ 12 ቮልት 12 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ አውቶማቲክ ቻርጀር፣ 3 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፣ ግብዓቱ ቢዋዥቅም ቋሚ 12 ቮልት የሚያወጣ መቆጣጠሪያ (ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚችል ዓይነት፣ ቢያንስ 2 አምፔር)፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ ትክክለኛ ጫፍ ያለው ገመድ፣ መልቲሜትር።

መቆጣጠሪያውን «ባትሪውም 12፣ ራውተሩም 12» ብላችሁ አትተዉት። 12 ቮልት የሚባለው የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ13.6 እስከ 14.4 ይደርሳል፣ ሲያልቅ ወደ 11 ይወርዳል። ላይኛው ራውተሩን ሊጎዳ ይችላል፣ ታችኛው እያጠፋ ያስነሳዋል።

ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው። የታሸገ የእርሳስ ባትሪ 144 ዋት ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከብክነት በኋላ ለ10 ዋት ጭነት ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው በተመሳሳይ አምፔር ሰዓት 85 በመቶውን ስለሚሰጥ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ዋጋው ከፍ ይላል ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በየቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ሊቲየሙ ያዋጣል፤ በሳምንት አንዴ ከሆነ የእርሳሱ ይበቃል። ቻርጀራቸው አንድ አይደለም፦ የእርሳሱ ሲሞላ ወደ 13.8 ቮልት ወርዶ የሚጠብቅ፣ የሊቲየሙ 14.4 ወይም 14.6 ላይ የሚያቆም መሆን አለበት። ቻርጀሩ ራውተሩንም እየመገበ ስለሚሞላ ቢያንስ 2 አምፔር ይሁን። የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ስለሆነ ደጋግሞ ሲራገፍ በወራት ውስጥ ያልቃል፤ ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ መኝታ ቤት አይገባም።

አገጣጠሙ፦ ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ20 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት አስገቡ፤ ሽቦው ተልጦ ቢገናኝ እሳት የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ከፊውዙ ወደ መቆጣጠሪያው መግቢያ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭም ወደ መቆጣጠሪያው በጥቁር ሽቦ። ራውተሩን ከመሰካታችሁ በፊት የመቆጣጠሪያውን መውጫ በመልቲሜትር ለኩ፤ 12 ቮልት፣ መሐሉ ፖዘቲቭ። የመቀነስ ምልክት ካሳየ ዋልታው ተገልብጧል። ቻርጀሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ አስሩ፣ ከፊውዙ በኋላ አይሁን። ባትሪው ራሱ መቁረጫ ከሌለው 11 ቮልት ሲደርስ የሚቆርጥ ትንሽ ሰርኪዩት ጨምሩ፤ አለበለዚያ የእርሳሱ ባትሪ በመጀመሪያው ረጅም ሌሊት ይጎዳል።

ላፕቶፕ ከዚህ ባትሪ አትሙሉ። አንድ ላፕቶፕ ሲሞላ 45 ወይም 65 ዋት ይስባል፤ የራውተሩን ሌሊት በአንድ ሰዓት ይበላል።

መብራት ሲመለስ

ራውተር የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቮልቴጁ ይዘላል፣ ደጋግሞም ይመጣል ይሄዳል። ለፍሪጅ የሚሸጠው መዘግየት ያለው የቮልቴጅ መከላከያ እዚህ ላይ በትክክል ይገባል፦ መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ራውተሩ ባትሪ ስላለው መጠበቁን አያውቀውም። መከላከያ አለው የሚባል ዲቫይደርም ይረዳል፤ ነገር ግን ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው አቅሙ ይቀንሳል፣ በብዙ ቤት ደግሞ የለም።

ክረምት ላይ መብረቅ ሲኖር ኤዲኤስኤል ያላችሁ የስልክ ሽቦውን ጭምር ንቀሉ። ሞደሙን የሚያቃጥለው ኃይል በስልክ ሽቦውም ይመጣል፣ ባትሪው ይህን አይከለክልም። ፋይበር መስታወት ስለሆነ በእሱ በኩል አይመጣም።

ሰፈሩ በሙሉ ሲሞት፦ ሲም ካርድ

መስመሩ ከጠፋ የቀረው ሞባይል ነው። ሁለተኛ ሲም ከሌላው ኩባንያ ያዙ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት ስለሚሰጥ አማራጩ አለ። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች በአንዳንድ ቦታ አንድ ማማ ይጋራሉ፤ የማማው ባትሪ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። በመዝገባችሁ ላይ በመጥፋት ጊዜ የትኛው እንደቆየ እዩና እሱን ያዙ።

ሲም የሚወስድ ትንሽ ኪስ ራውተር ካላችሁ የዋይፋይ ስሙንና ይለፍ ቃሉን ከቤታችሁ ራውተር ጋር አንድ ዓይነት አድርጉት። ሲበራ ስልኩም ላፕቶፑም ማንም ሳይነካቸው ይያያዛሉ። የቤቱ ራውተር ባትሪ ላይ ሆኖ መስመሩ ብቻ ሞቶ ከሆነ ግን አጥፉት፤ አለበለዚያ ስልካችሁ ኢንተርኔት ከሌለው ዋይፋይ ጋር ይጣበቃል። ኪስ ራውተሩን መስኮት ላይ አስቀምጡ፤ ብሎኬት ግድግዳ ሲግናሉን ይበላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሞባይል ስለሚዞር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ካሜራ ዝጉ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ ከዚህ በጣም ያነሰ። ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሜትርድ» (ዳታው የተገደበ) አድርጉት፤ ካልሆነ ዝማኔው ጥቅሉን ይጨርሰዋል።

የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ጥቅሉን ኔትወርክ ሳለ በ*999# ግዙ። ዳታ ቢያልቅም ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ከዚያ መግዛት ይቻላል።

ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

መብራት ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው በመርፌ የምትጫነዋን የ«ሪሴት» ቀዳዳ ይጫናል። ይህን አታድርጉ። ሪሴት ማድረግ የቴሌ መለያ ስማችሁንና ይለፍ ቃሉን ከሞደሙ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ደህና ቢሆንም ኢንተርኔት አይገባም። አሁኑኑ፣ ሁሉ ነገር ሲሠራ፣ በ192.168.1.1 ወይም ከራውተሩ ስር በተጻፈው አድራሻ ገብታችሁ የግንኙነቱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የተሸፈነው ይለፍ ቃል ከሌላችሁ ወደ ቴሌ የደንበኞች አገልግሎት (994) ደውላችሁ ጠይቁና ጻፉት።

መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ የሰፈሩ ሣጥንም ገና እየተነሳ ነው። ከዚያ ራውተሩን ከባትሪው ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ቆይታችሁ ሰኩት። ባትሪ ላይ ያለ ራውተር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለማይጠፋ አሮጌውን ግንኙነት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ያድሰዋል። ዲኤስኤሉ ወይም ፖኑ ሳይርገበገብ ከበራና «ኢንተርኔት» የሚለው ብቻ ቀይ ከሆነ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የመለያ ስም ወይም ያልተከፈለ ሂሳብ ነው። ሎስ ቀይ እየተርገበገበ ከቀጠለ ሞደሙ ጀርባ ያለውን የፋይበር ገመድ እዩ፤ ከባትሪው ጋር ሲታሰር በጠባብ ታጥፎ ወይም ከመሰኪያው ሳብ ብሎ ሊሆን ይችላል። ገመዱ የሚታጠፍበት ክብ ከቡና ሲኒ አፍ ማነስ የለበትም። ጫፉን በጣት አትንኩ፣ ወደ ውስጥም አትመልከቱ። ገመዱ ደህና ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው፤ ወደ 994 ስትደውሉ «ሎስ ቀይ ነው» ብላችሁ ንገሯቸው፣ ራውተር አጥፍታችሁ አብሩ ከሚለው ጥያቄ ቀጥታ ወደ ቴክኒሻን ሊያሻግራችሁ ይችላል።